ኦርኪድ ለወደደች ልጅ፦ ዐሥራ ሁለት ምክር ከጉለሌ

ልጄ፣

«ጋሼ፣ ዛፍ ላይ የሚበቅለውን ኦርኪድ በረንዳዬ ላይ ማሳደግ እፈልጋለሁ፤ ከየት ላምጣው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጥያቄሽ አጭር ነው። መልሱ ግን «ከእገሌ ሱቅ» ተብሎ የሚያልቅ አይደለም። ዕድሜዬን ከዕፅዋት ጋር ስላሳለፍኩ የማውቀውን በቁጥር ከፋፍዬ ጽፌልሻለሁ። ስለ ኦርኪድ ዘር ሁሉ ከማወራልሽ አንዱን ይዤ ብሄድ ይሻላል ብዬ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የተባለውን የአገራችንን ነጭ አበባ መርጫለሁ። አንዱን አጥርቶ ያወቀ ሰው ሌላው አይከብደውም። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፤ መጻሕፍቱን ስታገላብጪ እንዳትደናገሪ ነው።

1. መጀመሪያ አገሩን እወቂ

ይህ ኦርኪድ ከሩቅ የመጣ እንግዳ አይደለም። ለሳይንስ የተዋወቀው ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ናሙና ነው። አሺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ሊቅ ከ1847 እስከ 1851 ባሳተመው ስለ አገራችን ዕፅዋት በሚናገር ትልቅ ሥራው ውስጥ ገልጾታል። ሪሻር ራሱ ግን አገራችንን አልረገጣትም። ናሙና የሰበሰቡለት ካርቲን ዲሎንና ፔቲ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ነበሩ፤ ሁለቱም በ1840ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ቀሩ። አንዱን ንዳድ ገደለው፣ ሌላውን ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። መጽሐፍ ላይ በአንድ መስመር የምታነቢው የዕፅዋት ስም ስንት ሰው እንደጠየቀ ከዚህ ገምቺ።

ኤራንጊስ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ አድርጎ እስከ ዛምቢያና አንጎላ ይዘልቃል። የሚስማማው ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር አካባቢ ያለው ወይና ደጋ፣ ጥላና ጉም የማይለየው ደን ነው። እኛ ጉለሌ ያለነው ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ይህችን ቁጥር አትርሺያት፤ ኋላ ስለ ብርድ ስናወራ ትፈለጋለች።

2. ኦርኪድንና ተቀጽላን ለዪ

ዛፍ ላይ የበቀለ ነገር ሁሉ ዛፉን የሚበላ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጠላቱን ያጠፋ መስሎት ኦርኪዱን በገጀራ ከቅርንጫፍ የሚያራግፍ ገበሬም አለ። እውነተኛው ተቀጽላ ሥሩን የዛፉ ቅርንጫፍ ውስጥ ሰርስሮ ያስገባና ውሃውንና በውስጡ የሟሟውን ማዕድን ይጠባል። ቅርንጫፉን ብትቆርጪው ሁለቱ እንጨቶች ተጋጥመው አንድ ሆነው ታያለሽ።

ኦርኪድ እንዲህ አይደለም። ሥሩ ቅርፊቱን ከላይ ያቅፋል እንጂ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ወደ እንጨቱ አይዘልቅም። ከሰው በረንዳ ሥር ቆሞ ዝናብ እንደሚያሳልፍ መንገደኛ ነው፤ መጠለያውን ይፈልጋል፣ ከባለቤቱ ጓዳ ግን አይገባም። ውሃውን ከዝናብና ከጉም፣ ማዕድኑን ከአቧራ፣ ከረገፈ ቅጠልና ከወፍ ኩስ ያገኛል። ምግቡን በፀሐይ ብርሃን ራሱ ይሠራል። ዛፉ የሚሰጠው ከፍታና ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ «ዛፉን ሊያደርቅብን ነው» ብሎ ገጀራ የሚያነሣ ጎረቤት ካጋጠመሽ ሥሩን ገለጥ አድርገሽ አሳዪው። በዓይኑ ያየ ሰው አይከራከርም።

3. ከአበባው በፊት ሥሩን እዪ

ሰው ሁሉ ወደ አበባው ይሮጣል። የዛፍ ላይ ኦርኪድ ጥበብ ግን ያለው ሥሩ ላይ ነው። የደረቀ ሥር ይዘሽ ብታዪው ብርማ ነጭ ነው። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጊበት። ገና እያየሽው ነጩ ይጠፋና አረንጓዴ ይሆናል። ጫፉ ላይ ያለችው አንዲት ጣት ክፋይ የማትሞላ ለስላሳ አረንጓዴ ግን ደርቆም ረጥቦም መልኳ አይለወጥም፤ እድገቱ ያለው እዚያች ላይ ነው፣ እሷ ከተቀጠፈች ሥሩ በዚያ አቅጣጫ ማደጉን ያቆማል።

ነጩ ሽፋን ቬላመን ይባላል። የሞቱና ባዶ የሆኑ ሕዋሳት ድርብርብ ነው። ሲደርቅ በአየር ስለሚሞላ ብርሃን ይበትንና ነጭ ይመስላል። ዝናብ ሲነካው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ውሃ ይሞላና ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ሕዋስ ፍንትው ብሎ ይታያል። መጀመሪያ ከዛፍ ላይ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ከቅጠልና ከቅርንጫፍ አቧራና ማዕድን ጠርጎ ስለሚመጣ ከሁሉም ይበልጥ ገንቢ ነው፤ ያንን ሳያመልጠው ለመያዝ የተሠራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አየር ደግሞ ሥሩን ማድረቅ አለበት። ይህን ሥር አፈር ውስጥ የቀበረ ሰው ኦርኪዱን አፍኖ ገደለ ማለት ነው።

4. ግንዱንና ቅጠሉን አንብቢ

ኤራንጊስ አንድ ግንድ ብቻ አለው፤ ከዓመት ዓመት ከጫፉ ላይ ያድጋል እንጂ ከጎን አዲስ ግንድ እያወጣ አይሄድም። ግንዱ አጭርና እንጨታማ ነው። ቅጠሉ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከግርጌው ጠበብ ከጫፉ ሰፋ ያለ ሲሆን ጫፉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጣል። ይህች እኩል ያልሆነች ጫፍ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ አበባ በሌለበት ወቅት ዘሩን ለመለየት ግን ትልቅ ምልክት ናት።

ፖሊስታኪያ የተባሉት ዘመዶቹ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘዋል። በየዓመቱ አዲስ ቡቃያ ጎን ለጎን ያወጣሉ፣ ግንዳቸውንም አሳብጠው ውሃና ምግብ ያከማቹበታል። ሦስተኛው መንገድ የሚያስገርም ነው። ሚክሮሴሊያ ግሎቡሎሳ የሚባለው፣ እሱም መጀመሪያ የተገለጸው ከአገራችን ናሙና ነው፣ ቅጠል የሚባል ነገር የለውም። የሚታየው የሥር ጥምጥም ብቻ ነው፤ ሥሩ ራሱ አረንጓዴ ሆኖ የቅጠሉን ሥራ ይሠራል። የማያውቅ ሰው የወፍ ጎጆ ፍርስራሽ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ብዙዎቹ ቅጠለ ወፍራም የዛፍ ላይ ኦርኪዶች አንድ የጋራ ብልሃት አላቸው። ሌላው ተክል ቀን የሚከፍታቸውን የቅጠል ቀዳዳዎች እነሱ ሌሊት ይከፍታሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በቀዝቃዛው አየር ወስደው በአሲድ መልክ ያስቀምጡታል፤ ሲነጋ ቀዳዳውን ዘግተው በብርሃኑ ምግብ ይሠሩበታል። በዚህ ቁልቋልና እሬት ይመስሏቸዋል። አፈር የሌለው ተክል የቀን ፀሐይ ውሃውን እንዳይመጥጥበት ያገኘው መላ ነው።

5. አበባውን ክፍል በክፍል ቁጠሪ

አበባው ሲወጣ ተንጠልጥሎ በሚወርድ ዘንግ ላይ ተሰልፎ ነው። ኮከብ የሚመስል ነጭ አበባ ነው። ስድስት ክፍል አለው፤ ሦስት ከውጭ፣ ሦስት ከውስጥ። ከውስጦቹ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከንፈር ይሆናል። ከዚህ ከንፈር ጀርባ ቀጭን ቱቦ ይወርዳል። ማስመሪያ አውጥተሽ ለኪው፤ ርዝመቱ ከ12 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የአበባው ፊት ከመዳፍሽ አይበልጥም፣ ጅራቱ ግን ከእጅሽ አንጓ ያልፋል።

መካከሉ ላይ ደግሞ አጭር ወፍራም ምሰሶ አለ። በሌላ አበባ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ቆመው ታገኛቸዋለሽ፤ ኦርኪድ ግን ሁለቱን አዋሕዶ አንድ ምሰሶ አድርጓቸዋል። ብናኙም እንደ ሌላው አበባ ዱቄት ሆኖ አይበተንም። በትንንሽ እንክብል ተጠቅልሎ፣ ከግርጌው የሚያጣብቅ ሙጫ ይዞ ይቀመጣል። የክብሪት እንጨት አሹለሽ ምሰሶውን ጫፉ ላይ በቀስታ ብትነኪው እንክብሎቹ ተጣብቀው ይወጣሉ። አንድ ጊዜ በአንድ አበባ ላይ ሞክሪው፤ ከአሥር ገጽ ንባብ ይበልጣል። በዚሁ ዓይነት ብልሃት ነው በ1841 ሬዩኒዮን ደሴት ላይ ኤድሞን አልቢዩስ የተባለ የ12 ዓመት ባሪያ ልጅ የቫኒላን አበባ በእጁ ያዳቀለው። ቫኒላም ኦርኪድ ነው፤ የዓለም የቫኒላ እርሻ እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚያ ልጅ ዘዴ ነው።

6. ማታ ሂጂ

ቀን ብታሸቺው ይህ ነው የሚባል ጠረን የለውም። ሲመሽ ግን ጣፋጭ ሽታው አካባቢውን ያውደዋል። ነጭ መሆኑም፣ ማታ መሽተቱም፣ ቱቦው መርዘሙም አንድ እንግዳ ለመጥራት ነው፤ ያም ምላሰ ረጅሙ ትልቁ የእሳት እራት ነው። ማሩ የሚገኘው ከቱቦው ሥር ስለሆነ እራቱ ምላሱን እስከ መጨረሻው ለማስገባት ፊቱን ከምሰሶው ጋር ማጋጨት አለበት። ያኔ እንክብሎቹ ይጣበቁበትና ወደሚቀጥለው አበባ ይዟቸው ይሄዳል። ኬንያ ውስጥ የተደረገ ጥናት በ2007 እንዳሳየው የኤራንጊስና የዘመዶቹ ማር ከቱቦው አፍ ይልቅ ከሥሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። እራቱ ጥቂት ቀምሶ እንዳይሄድ ጣፋጩ ከታች ተቀምጦለታል።

ቻርልስ ዳርዊን ከማዳጋስካር የመጣ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ቱቦ ያለው ኦርኪድ በ1862 አይቶ፣ ይህን የሚደርስ ምላስ ያለው የእሳት እራት መኖር አለበት ብሎ ነበር። ብዙዎች ሳቁበት። እሱ በ1882 ሞተ፤ እራቱ ግን በ1903 ተገልጾ ወጣ። ከእኛ ኤራንጊስ እንግዶች አንዱ ደግሞ ትሉ በስኳር ድንችና በዘመዶቹ ቅጠል ላይ የሚያድግ እራት ነው። እርሻ ላይ ያለ አግባብ የሚረጭ ፀረ ተባይ ከደን ውስጥ ያለውን አበባ ፍሬ የሚነሳው በዚህ በኩል ነው።

7. ዘሩን በትዕግሥት አስቢው

አበባው ከተዳቀለ ብዙ ሳይቆይ ይጠወልጋል፤ ፍሬው ለመብሰል ግን ወራት ይወስድበታል። ሲፈነዳ የምታዪው ጢስ የመሰለ ብናኝ ነው። በኦርኪድ ቤተሰብ አንድ ፍሬ ከሺዎች እስከ ሚሊዮኖች ዘር ሊይዝ ይችላል። እያንዳንዱ ዘር ግን እንደ ባቄላ ወይም እንደ ስንዴ የሚበቅልበት የተከማቸ ምግብ የለውም። ነፋስ ወስዶ ቅርፊት ላይ ቢጥለው ብቻውን ምንም አይሆንም። የሚስማማው ፈንገስ ደርሶ ካልመገበው በስተቀር አይበቅልም።

ይህን ምሥጢር የደረሰበት ኖኤል በርናር የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ ነው፤ ነገሩን ያስተዋለው በ1899 ነበር። በ1922 ደግሞ ሉዊስ ክነድሰን የተባለ አሜሪካዊ ዘሩን ያለ ፈንገስ፣ ስኳር ባለበት አጋር ላይ በጠርሙስ አበቀለው። ዛሬ በዓለም የሚሸጠው ኦርኪድ ሁሉ የዚያ ሥራ ፍሬ ነው ማለት ይቻላል። አንቺ ግን ይህን ያዢ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። ጫካ ውስጥ አንድ ኦርኪድ ከዘር ተነሥቶ አበባ እስኪሰጥ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ከቅርንጫፍ የሚነቅለው ሰው የሚፈጅበት ግን ግማሽ ደቂቃ ነው።

8. ቅርፊቱን ጠይቂ

እኛ ሰፈር ለምን የዛፍ ላይ ኦርኪድ እንደማይታይ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ። ብርዱ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ፣ የማገዶ ችግር ከተማይቱን ሊያስነቅላት ሲል ባሕር ዛፍ መጥቶ አዳናት። ውለታው አይካድም፤ የሽሮ ሜዳ ምጣድ ሁሉ በእሱ ቅጠል ሲጋል ኖሯል። ግን ነጭ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በየጊዜው በረጃጅም ልጥ እየላጠ ይጥላል። ከሚረግፍ ቅርፊት ላይ ለዓመታት ሥር ሰዶ የሚቆይ ኦርኪድ የለም። በየጊዜው ስለሚቆረጥ ደግሞ ዛፉ ራሱ አያረጅም። ከእንጦጦ ሥር ቆመሽ ቀና ብትዪ የሚታይሽ ግንዱ ሁሉ ለስላሳ ነው።

ኦርኪድ የሚወደው ቅርፊቱ ሸካራ የሆነ፣ ውሃ የሚይዝ፣ ሽበትና አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለ ሽፋን ያበቀለ ያረጀ ዛፍ ነው። ወይራ፣ ዋንዛና ጥቁር እንጨት እንዲህ ናቸው። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን ከሌላ መናፈሻ የምለየው በዚህ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ይህ 705 ሄክታር መሬት አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነበር፤ ሥራው በእሱ ቦታ የአገር በቀሉን ዕፅዋት መመለስ ነው። እዚያ ስትሄጂ አበባ ብቻ ፈልገሽ አትመለሺ። የወይራውንና የጽዱን ቅርፊት በመዳፍሽ ዳስሺ፣ ከባሕር ዛፉም ጋር አነጻጽሪ።

9. የቡናውን ደን አስታውሺ

ኦርኪዱን በቤቱ ማየት ከፈለግሽ መንገድሽ ወደ ጅማ፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ሸካ፣ ወደ ያዩ፣ ካልሆነም ወደ ባሌ ሐረና ነው። ከፋና ያዩ በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ሆነው ተመዝግበዋል። ሰው እነዚህን ደኖች የሚያውቃቸው በቡና ነው። ቡናው የሚያድገው በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ሲሆን፣ ኦርኪዱ ደግሞ በዚያው የጥላ ዛፍ ላይ ነው።

በ2013 የወጣ በጅማ አካባቢ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ደኑ ሲቆራረጥና ለቡና ተብሎ ሲመነጠር የዛፍ ላይ ኦርኪዱ ዓይነት ይቀንሳል። ምክንያቱ አይከብድም፤ ጥላው ሲሳሳ አየሩ ይደርቃል፣ ያረጁት ዛፎች በወጣቶች ይተካሉ። ግን ልብ በዪ፤ ደኑ ጭራሽ ተነሥቶ ማሳ ከሚሆን በጥላ የሚለማ ቡና በእጅጉ ይሻላል። ገበሬውን አትውቀሺው። ያረጀ የጥላ ዛፍ ያልቆረጠ ገበሬ ሳያውቀው ኦርኪድ ጠብቋል፤ ቡናውን በተሻለ ዋጋ የሚገዛውም እንዲሁ።

10. ከጫካ የተነቀለ አትግዢ

አሁን ወደ ጥያቄሽ ደረስን። ከደን የተነቀለ ኦርኪድ ቢያቀርቡልሽ አትግዢ፤ «እኔ ባልወስደው ሌላ ሰው ይወስደዋል» የሚለውን ሰበብም ተዪው። ገዢ ካለ ነቃይ አይጠፋም። ከጫካ የመጣውን በቀላሉ ታውቂዋለሽ። ሥሩ የተቆራረጠ ነው፣ ቅርፊት ተጣብቆበታል፣ ቅጠሉ ላይ የነፍሳት ንክሻና ሽበት የመሰለ ሽፋን አለ። በችግኝ ጣቢያ ያደገው ንጹሕና እኩል ሆኖ በማሰሮው ልክ ያደገ ነው።

መላው የኦርኪድ ቤተሰብ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ ሳይተስ በሚባለው፣ ቁጥጥር ሥር ነው። ኢትዮጵያም ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ዘመድ «አንዷን ለመታሰቢያ በሻንጣዬ ልያዝ» ቢልሽ ቡናና በርበሬ ስጪው፤ ኦርኪድ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። በአበባ ሱቆች የምታዪው ፊተ ሰፊው ፋሌኖፕሲስ የእስያ ዘር ነው፤ በፋብሪካ ደረጃ የሚባዛ ስለሆነ እጅሽን ለማሟሸት እሱ ይበቃሻል። የዛፍ ላይ ኦርኪድ ስለሆነ ከላይ ስለ ሥር የነገርኩሽ ሁሉ ይሠራበታል።

11. የጉለሌን ብርድ አትናቂ

ያችን የከፍታ ቁጥር አሁን አስታውሺ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እኛ ዘንድ ሌሊቱ ውርጭ ሊያወርድ ይችላል። ለፋሌኖፕሲስሽ በረንዳውን እርሺው፤ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ምረጪ፣ በቀጭን መጋረጃ ከልዪው። በቀጥታ የሚያርፍ የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ውሃ ጠዋት ስጪው፣ ሲመሽ ሥሩ የደረቀ ይሁን። ሰዓት አትቁጠሪ፣ ሥሩን እዪ፤ ነጭ ከሆነ ተጠምቷል፣ አረንጓዴ ከሆነ ይቆይ። በክረምት የዝናብ ውሃ በባልዲ አጠራቅሚ፣ ከቧንቧው ይልቅ እሱን ይወዳል። ማዳበሪያ ከሰጠሽ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ሩብ ያህል አቅጥነሽ ይሁን።

ማሰሮውን ከመሬት አፈር አትሙዪ፤ የቅርፊት ስብርባሪና ከሰል ይበቃዋል። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ውስጥ ውሃ ተኝቶበት ከቆየ ሥሩ ይበሰብሳል። ከሰል የሚነድበት ቦታ አጠገብና ከበሰለ ሙዝ ጎን አታስቀምጪው። ከሁለቱም የሚወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ እምቡጡን ያረግፈዋል። ቡና የምታፈዪበት ክፍል የአበባው ክፍል አይሁን።

12. ጻፊ፣ ሳዪ፣ ጠይቂ

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ160 በላይ የኦርኪድ ዓይነት ይታወቃል። ብዙዎቹ ክረምት ላይ ከሣር መካከል ብቅ የሚሉ የመሬት ኦርኪዶች ናቸው፤ ስለዚህ ዛፍ ብቻ አትዪ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር በ2004 ያወጡት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች የመስክ መመሪያ አለ፤ ፈልገሽ አንብቢው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ስድስተኛው ቅጽም በ1997 ኦርኪዶችን ይዞ ወጥቷል። አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው ብሔራዊ ኸርባሪየም የደረቁ ናሙናዎችን ያስቀምጣል፤ አድዋ ኖሮ እዚያው በ1878 የሞተው ጀርመናዊው ሺምፐርን የመሳሰሉ ሰብሳቢዎች የጀመሩትን ሥራ ዛሬ በራሳችን ልጆች የሚያስቀጥል ቤት ነው።

ስትጓዢ ማስታወሻ ደብተር ያዢ። ኦርኪድ ስታገኚ ዛፉን፣ ከመሬት ያለውን ቁመት፣ ቅርፊቱን፣ ወሩንና ከፍታውን ጻፊ። ፎቶ አንሺ፣ ካልሆነልሽ ሳዪው። ነፋስ ቅርንጫፍ ጥሎ ኦርኪዱ መሬት ላይ ከወደቀ ግን እዚያው አጠገብ ካለ ሸካራ ዛፍ ላይ በጥላው በኩል እሰሪው። ያ መንቀል አይደለም፤ ማትረፍ ነው።

ልጄ፣ ጠቅልዬ የምልሽ ይህን ነው። ኤራንጊስ ብቻውን የቆመ አበባ አይደለም። ያረጀ ቅርፊት፣ የሚመግበው ፈንገስ፣ ማታ የሚመጣ የእሳት እራት፣ ጉም የሚይዝ ጥላ አንድ ላይ ሲገኙ ነው ያለው። ነቅለሽ ብታመጪው ከእነዚህ አንዱንም አታመጪም። እንግዲህ ፋሌኖፕሲሱን ከሱቅ ገዝተሽ በመስኮትሽ አሳድጊ፣ ኤራንጊስን ደኑ ውስጥ ሄደሽ ጎብኚ፣ በግቢሽ ደግሞ የዘንድሮው ክረምት ሳያልፍ አንድ ወይራ ትከዪ። ወይራ ቅርፊቱ እስኪሻክር ብዙ ዓመት ይፈልጋልና ለከርሞ አታሳድሪው።

ጋሼሽ፣ ከጉለሌ